አርባ ቀባሪ

ትርሲት በዚያ ማክሰኞ ጠዋት የመቃብሩ ግንብ ሥር ቆማ የማታውቀውን ሰው ስትቀብር፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ "አልቀረበችም" መባሉን አላወቀችም። ቀብሩ ጥሩ ቀብር ነበር። አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፤ ቄሱ ፍትሐቱን አላንዛዙትም፤ ሟቹም የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ ስለነበሩ ልቅሶው ልክ ነበረው። ስትወጣ በሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች፤ አንድ ተቆጠረላት። ከዚያ እንደሷ ከተጠሩት ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ጋር ተሳፍራ ሥራዋ ገባች። ሥራዋ የምትኖርበት ሕንፃ ውስጥ የሊፍት ተራ ማስከበር ነው። የሃምሳ ስምንት ፎቅ ሰው በሁለት ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ፣ ተራ የሚያስከብር ከሌለ ጠዋት ጠዋት ሰው እግር ሥር የሚቀር አይጠፋም።

በ2094 ዓ.ም. ቤት የሚከራይ ሰው ብር አያስይዝም። ብር ያስይዙ የነበሩት አያቶቹ ናቸው። የውሉ ቀለም ሳይደርቅ የብሩ ዋጋ እየወረደ ሲያስቸግር አከራዮች ሌላ መያዣ ፈለጉ፤ ሰው የማይሸጠው፣ የማያበድረው፣ ሲያጣው ግን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር። ብዙ መፈለግ አላስፈለጋቸውም። ቀባሪ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። የሰው ቀብር የሄደ አንድ ቀባሪ ይቆጠርለታል። በቀን ከአንድ በላይ አይቆጠርም። ከቤቱ ሰው ሲሞትበት ካጠራቀመው ላይ አርባ ሰው ይጠራለታል፤ እነሱም በተራቸው አንድ አንድ ይቆጠርላቸዋል። ቤት ተከራይ ከሆነ ቆጠራው አከራዩ ዘንድ መያዣ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሞት ሲመጣ ብቻ ይለቀቅለታል። አርባ የሞላለት ስሙ ተጽፎ፣ ፍትሐት ተደርጎለት ግንቡ ውስጥ ይገባል። ያልሞላለትን ግራጫው መኪና ይወስደዋል። ወዴት እንደሚወስደው የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅለት ሰው ቢኖረው መች አርባ ይጎድልበት ነበር!

የትርሲት መያዣ መቶ ሃያ አንድ ቀባሪ ነበር። ከዚህ ውስጥ ዘጠና ያህሉ የእናቷ የአልጋነሽ ናቸው። አልጋነሽ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ለቅሶ ያልደረሰችበት ሰፈር አልነበረም፤ ያውም ቀብር መቆጠር ሳይጀምር የሄደችበት ሳይደመር። ይህንን ቤት ሲከራዩ መዳፏን ውሉ ላይ ያሳረፈችው እሷ ራሷ ናት። "መጠለያ ሳይኖረኝ ስለ መቃብር ባስብ ምን ይጠቅመኛል?" አለችና ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

ጣጣው የመጣው በኪራይ ነው። አልጋነሽ ከተኛች ወዲህ መድኃኒቱ ደመወዙን እየቀደመ፣ ትርሲት የሦስት ወር ኪራይ ሳትከፍል ቀረች። አከራይዋ ጋሽ ድንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። አራተኛ ፎቅ ላይ ከዓይነ ስውር ባለቤታቸው ከእትዬ በላይነሽ ጋር የሚኖሩ፣ ጡረታቸው ያቺው አንድ የሚያከራዩዋት ቤት የሆነች የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ሁለት ወር ታገሡ፤ በሦስተኛው ተናደዱና ቤቱን ለማስለቀቅ ከሰሱ። መክሰስ አንድ ጣት ሰሌዳ ላይ ማሳረፍ ስለሆነ ቁጣ ሳይበርድ ያልቃል።

ሽማግሌ ገባ። ጋሽ ፈለቀ የሚባሉት የሠላሳ አንደኛው ፎቅ ጎረቤት ሁለት ሰዎች አስከትለው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱን ደረጃው ላይ አስቀመጧቸው።

"ድንበሩ፣ ይህቺ ልጅ እናቷን እያስታመመች ነው። ማስታመም ነውር አይደለም" አሉ ጋሽ ፈለቀ።

"እኔስ መች ነውር ነው አልኩ? ብትነግረኝ ምን ነበረበት! ሊፍት ላይ ስንገናኝ ፊቷን ታዞርብኛለች እኮ። ሰው አከራዩን እንደ ባለጋራ ያያል?"

"አፍሬ ነው ጋሼ" አለች ትርሲት።

"እኮ ማፈርሽን በምን ልወቀው?"

ቀሪውን በአምስት ወር ከፍላ ልትጨርስ ተስማሙ። ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። "ክሱንም ትቼዋለሁ፤ ይቅር ለእግዜር" አሉ ጋሽ ድንበሩ። ጋሽ ፈለቀም መረቁ። የዕድሜን፣ የጤናን መርቀው ሲያበቁ እንደ ወጉ "ቀባሪ አያሳጣችሁ" አሉ፤ ሁሉም አሜን አለ።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ችሎት ቀጠሮ እንዳለ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ሁለቱም አልሄዱም። ሽማግሌ የዘጋውን ነገር ዳኛ ፊት መልሶ መክፈት ሽማግሌን መናቅ ነው፤ ዕርቁንም እንዳላመኑበት ያስቆጥራል። ጋሽ ድንበሩ ክሱን ለማንሳት ሰሌዳቸውን ከፍተው እንደገና ጣታቸውን ማሳረፍ ነበረባቸው፤ ግን ይቅር ያሉትን ነገር እንደገና መንካት ቀፈፋቸው። እንደ ባህላችን ቢታይ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልክነታቸውን ለችሎቱ የነገረላቸው ሰው ግን አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ትርሲት ከሥራ ስትመለስ በሯ ላይ ያለው የመያዣ ሰሌዳ አሥራ ሦስት ይላል። መጀመሪያ የሌላ ሰው በር መሰላት። ወደ ኋላ ሄዳ የቤቱን ቁጥር አነበበች። የራሷ ነው። እጅጌዋን ስባ ሰሌዳውን ወለወለችው፤ አሥራ ሦስት ነው። እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠች።

በማግስቱ የቤቶች ችሎት መስኮት ፊት ተሰለፈች። መስኮቱ ውስጥ የነበረችው ልጅ እግር ሴት ጨዋ ናት፤ "እንደምን አደሩ እናቴ" ብላ ነው የጀመረችው።

"የማስለቀቅ ክስ ነው። ከሳሹ ክሱን ስላላነሱ፣ እርስዎ በሌሉበት ተወስኗል" አለች መዝገቡን እያየች።

"ታርቀናል እኮ፣ እሑድ ዕለት።"

"እንኳን ታረቃችሁ። መዝገቡ ላይ ግን ዕርቅ የሚባል ነገር አልገባም።"

"ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።"

"ለእኛስ ማን ነገረን?"

ልጅቷ አዘነችላት መሰል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት። መዝገብ ማስከፈቻ ሃያ ቀባሪ። መጥሪያ ሦስት ጊዜ ለማድረስ ሃያ አራት። ስሟ ችሎት ላይ ለተጠራበት አሥራ ሁለት። ለውሳኔው ግልባጭ አሥራ ስድስት። ቤቱን ለሚያስለቅቁት ሠራተኞች ሠላሳ ስድስት።

"ማንም አላስለቀቀኝም! እዚያው ቤቴ ነው ያለሁት።"

"ተዘጋጅተው ነበር። ከሳሹ አፈጻጸም አልጠየቁም እንጂ ተሰልፈው ነበር የዋሉት።" ልጅቷ ገጹን ገለጠች። "ድምሩ መቶ ስምንት ነው። ፍርድ ቤቱ ከከሳሹ ወሰደ፤ ከሳሹ ደግሞ በውላችሁ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ከመያዣዎ ተካ። የፈረሙበት ነው። አከራይዎ ምንም አላደረጉም፤ በራሱ ነው የሚተካው።"

"ግን ቀባሪ እኮ ነው። እናንተ ቀባሪ ምን ያደርግላችኋል?"

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ጥያቄው ግር ያላት ትመስል ነበር።

"እኛም እኮ እንሞታለን፣ እናቴ።"

አንድ መንገድ ነበር። ከሳሹ "ወጪና ኪሳራዬን ትቻለሁ" ብሎ መዳፉን ካሳረፈ መቶ ስምንቱ እንዳለ ይመለስላታል፤ ከከሳሹ የራሱ ቆጠራ ላይ ይነሳል። ግማሽ የለም፤ ሁሉም ነው ወይም ምንም። ትርሲት ከዚያ መስኮት እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ እየሮጠች መጣች ማለት ይቻላል። ራሷ ተራ የምታስከብርበት ሊፍት ውስጥ ያለ ተራዋ ገባች፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጋሽ ድንበሩ የእትዬ በላይነሽን እግር እያጠቡ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ እጃቸው ውሃው ውስጥ ቀረ።

"እኔ አልነካሁም! በልጆቼ እምላለሁ፣ ሰሌዳውን አልነካሁትም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ስላልነኩት ነው የመጣው። አሁን ይንኩልኝ። እማዬ እየሞተችብኝ ነው።"

ሽማግሌው እጃቸውን ጠርገው ሰሌዳቸውን አመጡ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ትርሲትም በትከሻቸው በኩል አየችው። የባልና ሚስቱ ቆጠራ መቶ ሠላሳ ነበር። መቶ ስምንቱ ከዚያ ላይ ሲነሳ ሃያ ሁለት ይቀራል። ለሁለት ሰው ቀብር የሚያስፈልገው ደግሞ ሰማንያ ነው። ሳታስበው ደመረችው፤ በመደመሯም ተናደደች።

"እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ" አሉ ጋሽ ድንበሩ ወደ ሚስታቸው ሳያዩ።

እትዬ በላይነሽ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። "ምንድን ነው ድንበሩ? ማን ነው የመጣው?"

"ትርሲት ናት። ሰላም ልትለን ነው።"

"ግቢ እናቴ። እማማ እንዴት ናቸው?"

ትርሲት "ደህና ናት" አለች። ጋሽ ድንበሩ በር ድረስ ሸኟትና ክንዷን ያዙ። "ልጄ፣ እኔና እሷ ልጆቻችን ባሕር ማዶ ናቸው። ጉልበታችን አልቋል፤ ከእንግዲህ ቀብር ሄደን አንተካውም። ይቅር ብዬሻለሁ እኮ፤ አሁንም ይቅር ብዬሻለሁ።"

"ይቅርታዎማ ደርሶኛል ጋሼ። ያልደረሱኝ ቀባሪዎቼ ናቸው።"

ይህን በመናገሯ ወዲያው ጸጸታት። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ አንገታቸውን ደፍተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ትርሲት እዚያ ኮሪደር ላይ ቆማ ሰውየውን ልትጠላቸው ሞከረች። አቃታት። እሷም ብትሆን መዳፏን አታሳርፍም ነበር፤ ያበገናትም ይኸው ነው።

ለእናቷ ላለመንገር ወስና ገባች። አልጋነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቀና ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ከታመመች ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ ቀና ብላ አታውቅም።

"እማዬ፣ እንዴት ተነሣሽ?"

"በሩን ላየው ተነሥቼ ነበር። ዝም ብለሽ አትጨነቂ፤ ለቀባሪው አያረዱም። አሥራ ሦስት ይላል።"

ትርሲት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እየሰማች የብርድ ልብሱን ክር ትመዝ ነበር። ስትጨርስ ትቆጣለች ወይም ታለቅሳለች ብላ ጠበቀች። አልጋነሽ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"በቀን አንድ ነው አይደል የሚቆጥሩት?"

"አንድ ነው።"

"ሃያ ሰባት ይጎድላል ማለት ነው። እንግዲያው ሃያ ሰባት ቀን እቆያለሁ።"

ሐኪሙ የሰጣት ሁለት ሳምንት ነበር። ትርሲት ይህን ታውቃለች፤ አልጋነሽም ታውቃለች። አንዳቸውም አላነሡትም። አልጋነሽ ግራጫውን መኪና ከሞት ይልቅ ትፈራው ነበር። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ ብቸኛ ሰው ሲወሰድ በመስኮት አይታለች። ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዱ ስልክ ያወራ ነበር። "ስልኩን እንኳን አልዘጋም እኮ" ትል ነበር ከዚያ በኋላ፣ ምግብ እየበላችም ቢሆን ድንገት አስታውሳ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ትርሲት ጎህ ሲቀድ የጥሪ መስኮት ላይ ትሰለፋለች። የዕለቱ ሙታን ስም ይነበባል፤ የደረሳትን ትይዛለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። አብረዋት የሚሳፈሩት ሰዎች ፊት እየታወቃት መጣ። አንዱ ሰውዬ ሁልጊዜ ቁርሱን አውቶቡስ ላይ ይበላል፤ ግንቡ ጋ ሲደርስ አፉን ጠርጎ ፊቱን ያጠቁራል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደግሞ የልቅሶ ግጥም ታውቃለች፤ የሟቹን ስም እያስገባች ለሁሉም ያንኑ ትደረድራለች። ስሙ ረዘም ሲልባት ምቱ ይሰበርባትና ትናደዳለች። ትርሲት የሥራ ፈረቃዋን ወደ ከሰዓት አዛወረች። ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ጥያቄው ይጠብቃታል።

"ዛሬ ማን ነው?"

"አንድ የጋራዥ ሰው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው።"

"ልጅነት ነው። ልጆች አሉት?"

"አምስት።"

"ያለቅሳሉ?"

"ሁለቱ ያለቅሳሉ።"

"ሁለት ካለቀሱ ይበቃዋል" ትላለች አልጋነሽ፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና የራሷን ሙታን ታነሣለች። የማንን ቀብር በምን ዝናብ እንደሄደች፣ ማን ጉድጓድ ውስጥ ዘልሎ ገብቶ በስንት ሰው እንደወጣ፣ የትኛው ቤት ንፍሮው ጨው በዝቶበት ሰው እንዳማ ታወራለች። ድምፅዋ በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው አለፈ። ሐኪሙ መጥቶ አያትና ትከሻውን ነቀነቀ። ሰሌዳው ሃያ አለ፣ ሠላሳ አለ። ትርሲት ከራሷ ጋር ስትሆን፣ እናቷ በሕይወት የቆየችው ለሰሌዳው እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ እያሰበች ትቀና ጀመር። እናቱ እየሞተች በሰሌዳ የሚቀና ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ራሷን ትሰድባለች፤ ተመልሳ ግን ያንኑ ታስባለች።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ምሽት ሰሌዳው ሠላሳ ዘጠኝ አለ። አልጋነሽ ለማውራት ሁለት ሦስት ጊዜ መተንፈስ ነበረባት።

"ነገ ካልነቃሁ አትጩኺ።"

"እማዬ፣ እንዲህ አይባልም።"

"ስሚኝ። ከጮኽሽ ጎረቤት ይሰማል። ጎረቤት ከሰማ ይመዘገባል። ሐዘንተኛ የሌላ ሰው ቀብር ቢሄድ አይቆጠርለትም፤ ሕጋቸው ነው። ይህን አሥር ሰው ሳይሆን መቶ ሰው ቀብሬ ነው የማውቀው። አትጩኺ። ነጠላሽን አድርገሽ ውጪ። ስትመለሺ ታለቅሺልኛለሽ።"

"እሺ" አለች ትርሲት፣ ክርክሩ እንዲያልቅ ብላ።

ጠዋት አጥሚት ይዛ ስትገባ የእናቷ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ፊቷ ሰላም ነበረው አይባልም፤ ቅር ያላት፣ አንድ ነገር የቀራት ሰው ፊት ነበር። ትርሲት ጎድጓዳ ሳህኑን ወለል ላይ አስቀመጠች። ከሆዷ የተነሣ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ አፏን ሊከፍተው ሲል የነጠላዋን ጫፍ ጎረሰች። እንደዚያ ሆና ስንት ደቂቃ እንደቆየች አታውቅም። ከዚያ የእናቷን ዓይን ከደነች፣ አገጭዋን በሻሽ አሰረች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጠፈች፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ድረስ ሳበችላት። መጋረጃውን ዘጋች። ሬሳን ብቻውን ትቶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእናቷ በላይ ያስተማራት ሰው አልነበረም። ወጣች።

ሊፍት ውስጥ ጎረቤቷ አስካለ አገኘቻት።

"እማማ አልጋነሽ እንዴት አደሩ?"

"ደህና አደረች።"

"ተመስገን። ማታ መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ።"

"ተኝታለች። ዛሬ እንኳን ትረፍ" አለች ትርሲት። ድምፅዋ ደህና ወጣ። በዚያ ደህና በወጣው ድምፅዋ ለብዙ ጊዜ ስታዝን ኖራለች።

የዕለቱ ሟች አቶ ሽብሩ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ያ ሰውዬ ቁርሱን በላ። ግንቡ ጋ ደረሱ። ቄሱ ጀመሩ፤ ወፍራሟ ሴትዮም ስሙ አጭር ስለሆነላት ደስ ብሏት ግጥሟን አነሣች። ትርሲት እንደ ወትሮዋ ከኋላ ቆማ ነበር። ሣጥኑ ሲነሣ ግን ጉሮሮዋ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ነገር ፈነዳ። እንዴት ከፊት እንደደረሰች አታውቅም። ሣጥኑ ላይ ተደፋች። "ብቻሽን ጥዬሽ መጣሁ እኮ! ብቻሽን!" እያለች ደረቷን ደቃች። የሰዎቹ እጅ ሊይዛት አልቻለም። ወፍራሟ ሴትዮ ግጥሟን አቋርጣ አየቻት፤ ከዚያ እሷም ምርር ብላ ማልቀስ ጀመረች። አርባውም ሰው አለቀሰ። በዚያ ግንብ ሥር እንዲህ ዓይነት ልቅሶ ከታየ ዓመታት አልፈው ነበር።

የልብስ ሰፊው ልጅ ከበላይዋ ተደፍታ አቀፈቻት። "አባዬን ታውቂው ነበር?"

ትርሲት ልትዋሽ አልቻለችም፤ እውነቱንም መናገር አልቻለችም። "ሰው ቀባሪ ነበረች" አለች። የሟቹ ልጅ ከሐዘኗ የተነሣ ልብ አላለችውም። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ይበልጥ አጥብቃ ያዘቻት።

በሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ተቆጠረላት። አርባ ሞላ።

ቤቷ ስትመለስ እናቷ እንደተወቻት ነበረች። በሩን በረገደችውና፣ ቃል እንደገባችው፣ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ዓይኗ ደርቋል። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ የአስካለን በር አንኳኳችና፣ "እማዬ አረፈች" አለች፤ ልክ የሊፍት ተራ እንደምትነግር በዚያ ድምፅዋ። ዋይ ዋይ ያለችው አስካለ ናት።

ሞቱ ተመዘገበ፤ መያዣው ተለቀቀ፤ አርባ ሰው ተጠራ። በማግስቱ አውቶቡሱ መጣ። አውቶቡሱ የሚጭነው የተጠሩትንና ሐዘንተኛዋን ብቻ ስለሆነ የሕንፃው ሰው ምድር ቤት ድረስ ሸኝቶ ቀረ። ጋሽ ፈለቀ ትርሲትን አቅፈው ሊመርቋት አፋቸውን ከፍተው ነበር። የምርቃቱ መጨረሻ ምን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው "እግዜር ያጽናሽ" ብለው አሳጠሩት።

ፍትሐቱ ተደረገ። "አልጋነሽ" የሚለው ስም ድንጋዩ ላይ ተጻፈ። ትርሲት ድንጋዩን አየችው፤ ስሙ ትክክል ነው። ከፊት ሆና ቆመች፤ እጇን ሆዷ ላይ አጥፋ፣ ፊቷ የተጠረገ ሰሌዳ መስሎ።

"ሟቿ ልጅ አልነበራትም እንዴ?" አለች ከኋላ ከተጠሩት አንዷ።

"ያቺ ከፊት የቆመችው ናት አሉ።"

"ኧረ እሷስ እንደኛው ተጠርታ የመጣች ነው የምትመስለው።"

ትርሲት ሰማቻቸው። ዞራ ልትነግራቸው አሰበች፤ ተወችው። ቀብሩ ሲያልቅ አርባውም በተራ መዳፋቸውን እያሳረፉ ወጡ። እሷም ተሰልፋ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ሃያ ሰባት ቀን እንደለመደችው መዳፏን አሳረፈች። በሩ ሐዘንተኛ እንደማይቆጠር ነገራትና ከፈተላት።

ከበሩ ውጪ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ጋሽ ድንበሩ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። አልተጠሩም። ከጠዋት ጀምረው በዱላቸው እየተደገፉ በእግራቸው የመጡ ናቸው፤ በሩም ስላልተጠሩ አላስገባቸውም።

"ሞላ?" አሏት።

"ሞላ ጋሼ። አርባ።"

"ተመስገን" አሉና አንገታቸውን ደፉ። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው፣ "አልጊዬን! አልጊዬን!" እያሉ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ከአውቶቡሱ መስኮት አርባው ሰዎች አዩዋቸው። በዚያ ቀብር ላይ ለአልጋነሽ ያለቀሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም አልተቆጠሩም።